ግማሹ የተጠገነ ጭስ ማውጫ

ሚያዝያ 4 ቀን

ይድረስ ለማልጠግብህ ወንድሜ፣

ባለህበት ሰላምህ ይብዛ። መወጣጫ ላይ ቆመህ ስትሠራ ፈጣሪ እግርህን ያጽናልህ፣ ነፋሱንም ያብርድልህ። እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው፤ እንደ ወትሮው በሁሉም ላይ ይቆጣል፣ እንደ ወትሮው ይበላል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የጭስ ማውጫው ነገር እያሳሰበኝ ነው። አንተ ስትሄድ በጡቦቹ መካከል ያለው ኖራ በጥፍር ካልፋቁት አይረግፍም ነበር። አሁን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እንደ ስኳር ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት ከመተኮሻ ክፍሉ ጣሪያ ላይ አሸዋ እጠርጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የጡብ ስባሪ ወርዶ ቆርቆሮውን በሳው። ልብስ ተኳሿ ጠረጴዛ ሥር ገብታ "እኔ ለሆቴል አንሶላ ብዬ አልሞትም" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ምን ልበላት?

አባባ በእጁ የገነባውን ቤት ሲያካፍለን፣ ቀኙ ለእኔ ግራው ለአንተ ሲባል፣ ጭስ ማውጫው መሃል ላይ መቆሙን ማናችንም አላሰብነውም። አባባ "ጉሮሮ" የሚላቸው ሁለቱ የጭስ መንገዶች አንዱ እኔ የሆቴሉን አንሶላ ከምቀቅልበት ማፍያ፣ ሌላው አንተ ክፍል ካለው ምድጃ ይነሣሉ። ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ግንብ ናቸው። ብቻዬን ልነካው አልችልም። አንተ ደግሞ በሰው አገር የሰው ጭስ ማውጫ ስትጠግን ነው የምትውለው። ምን ይሻላል? ያንተንም ወገን አብሬ ላስጠግነው?

ሌላው፣ ጎረቤቶች በእንጨቱ ጭስ ስለተማረሩ ማፍያውን በከሰል ማንደድ ጀምሬያለሁ። የባለሱቁ ሚስት ፊቷን ታዞርብኝ ነበር፤ አሁን ሰላም ትለኛለች።

የመጨረሻው ልመና ነው። ክረምቱ ሲገባ አንሶላ የማደርቅበት የለኝም። ሳሎንህ ባዶውን ተቀምጧል፤ አባባ የሚጠቀመው የመኝታ ክፍሉን ብቻ ነው። ለክረምቱ ብቻ ገመድ ብዘረጋበትስ?

መልስህን ቶሎ ላክልኝ።

ታላቅ እህትህ


ግንቦት 20 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

ጤና ይስጥሽ፣ ቤትሽን ይባርክልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራ አለ፣ ብርድ አለ።

ስለ ጭስ ማውጫው የምነግርሽን ደግመሽ አንብቢው፤ አንዴ አንብበሽ የመርሳት ልማድ አለሽና። ስሚንቶ የሚባል ነገር እንዳይቀርበው። የአባባ ጡብ ለስላሳ ነው። ኖራ እርጥበቱን ያስወጣለታል፣ ስሚንቶ ግን ያፍነዋል። ውኃው መውጫ ሲያጣ የጡቡን ፊት ገሽልጦ ይጥለዋል። እኔ እዚህ በየቀኑ የምፍቀው የእንዲህ ዓይነቱን ሰው ሥራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሮጌው ኖራ ጣት እስኪገባ ድረስ በመሮ ተፍቆ ይወጣል። አቧራው ይጠረጋል። ጡቡ ውኃ ይጠጣል። ከዚያ አዲሱ ኖራ በስሱ በስሱ እየተጠቀጠቀ ይገባል። ሥራው ከውስጥ ተጀምሮ ወደ ውጭ ነው። ሁለቱን ጉሮሮ የሚለየው ግድግዳ የአንድ ጡብ ውፍረት ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ግማሹ ተጠግኖ ግማሹ አይተውም።

የእኔን ወገን ማንም እንዳይነካው። ራሴ መጥቼ እሠራዋለሁ። እስከዚያው ዝናብ እንዳይገባበት የእኔ ጉሮሮ አፍ በቆርቆሮ ይከደን፤ ምድጃው እንደሆነ አይነድበትም።

ሳሎኑን በተመለከተ፣ አይሆንም። ዘንድሮ አንሶላ ይሰጣበታል፣ ከርሞ መተኮሻ ይገባበታል፣ ከዚያ እኔ ስመጣ የገዛ ቤቴን በር አንኳኩቼ "ቤቶች!" ልል ነው። አላውቅሽም እንዴ?

አባባን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 17 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ አለን።

ደብዳቤህን ደግሜ አንብቤዋለሁ፤ እንዳዘዝከኝ። "ራሴ መጥቼ እሠራዋለሁ" የሚለውን ግን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ እማማ ከሞተች ጀምሮ በየደብዳቤህ አለ። ዝናቡ አንተን አይጠብቅም። ልብስ ተኳሿ "ወይ ጣሪያው ወይ እኔ" ብላ መጎናጸፊያዋን አንሥታ በር ላይ ቆመች። ስለዚህ ግንበኛ ጠራሁ። ሰፈሩ "ጥድፊያ" የሚለውን ታውቀዋለህ፤ አሁንም አልረጋም። መሰላሉን ሳያስደግፍ ነው መውጣት የሚጀምረው።

ኖራ አልኩት። "እትዬ፣ ኖራ እስኪርስ፣ እስኪደርቅ፣ በዚህ ዝናብ? ይታጠባል። ስሚንቶ ነው ዘመኑ" አለኝ። እኔም የአንተን ደብዳቤ አነበብኩለት። "እሱ እዚያ ሆኖ ያውራ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ልሥራ" አለና በስሚንቶ ለጠፈው። የእኔን ወገን ብቻ። የአንተን አልነካም፤ እንዳትነኪ ብለሃላ! ከታች ሲታይ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ መስሏል። መንገደኛ ቆሞ ይስቃል። የአንተንም ጉሮሮ እንዳልከው በቆርቆሮ አስከድኜዋለሁ፤ በሽቦ ጠፍሮ ነው ያሰረው፣ ነፋስ አያነሣውም።

የእኔ ጣሪያ ላይ አሸዋ መውረዱ ቆሟል። ማፍያውም ሙቀቱ አምሮለታል። ማታ ከሰሉን አመድ አልብሼ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ውኃው ለብ ብሎ ይጠብቀኛል።

አባባ ግን ሰሞኑን ልክ አይደለም። ብርዱን ስላልቻለው አልጋውን ወደ ጭስ ማውጫው ግድግዳ አስጠጋሁለት፤ ከእኔ ወገን ስለሚነድ ግድግዳው ሌሊቱን ሙሉ ሞቅ ይላል። የመስኮቱንም ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍኩለት። እንቅልፍ አብዝቷል። ሲነቃ ራሴን አዞረኝ ይላል፣ የቀመሰውን ይመልሳል። ግቢ አውጥቼ ሳስቀምጠው ደግሞ ይነቃቃና ጥድፊያን ይሰድባል። እሁድ፣ ሥራ ዘግተን ስንውል፣ ጭራሽ ጎረምሳ ነው። ሰኞ ተመልሶ ይደክማል። ሐኪሙ አየውና "ዕድሜ ነው" አለ። ድመቷም እንደ እሱ ሰንፋለች፤ ከእግሩ ሥር አትነሣም።

ሳሎንህ ባዶውን ነው። አንሶላው በረንዳ ላይ እየሸተተ ነው። ደስ ይበልህ።

እህትህ


ቴሌግራም
ነሐሴ 9 ቀን

አባባ ዛሬውኑ ከክፍሌ ይውጣ። ከሰል አይንደድ። መስኮት ይከፈት። ደብዳቤ ይከተላል። ወንድምሽ


ነሐሴ 11 ቀን

ለተከበሩ የግራው ቤት ባለቤት፣

ቴሌግራምዎ ደርሶኛል። ጤናዎን አልጠይቅም፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ጤናው ሙሉ ነው።

የፖስታ ቤቱ መልእክተኛ ቴሌግራም ይዞ ሲመጣ የሞተ ሰው አለ ብዬ ከማጠቢያው ተነሥቼ ሮጥኩ። እጄ በሳሙና እንደራሰ ቀዳድጄ ከፈትኩት። ሰው የሞተ አይደለም። እርስዎ ቤትዎን ፈልገው ነው! የታመመ አባት "ዛሬውኑ" ይውጣ። እኔ የምበላበት ከሰል አይንደድ። መስኮቱም ይከፈት፣ ክፍሉ ይናፈስ፣ ገዥ ሲመጣ የሽማግሌ ሽታ እንዳይሸተው። ዓላማዎ ካልገባኝ ሞኝ ነኝ ማለት ነው።

ትእዛዝዎን ፈጽሜያለሁ። እኔ፣ ልብስ ተኳሿና ጥድፊያ አልጋውን በአራት ማዕዘኑ ይዘን አወጣነው። አባባ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ያየናል።

"ወዴት ነው?" አለ።

"ባለቤቱ ውጣ ብሏል" አልኩት።

"የቱ ባለቤት?"

"ልጅህ ነዋ።"

"ያ ጡብ ሲያቀብለኝ ጣቱን የጨፈለቀው?"

"እሱ ራሱ።"

በሩን ስናልፍ በእጁ መቃኑን ዳሰስ አደረገው፣ ይኸው ነው። ጥድፊያ እንኳ፣ በሕይወቱ ቸኩሎ የማያውቅ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ነው የተራመደው።

አሁን የመተኮሻ ክፍሌ ውስጥ ተኝቷል፤ ሁለቱም በሮች ለእንፋሎቱ ክፍት ስለሆኑ ነፋሱ እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ጉድ ልንገርዎ? እዚህ ባደረ በማግሥቱ ራሱን አላመመውም። ዛሬ ተነሥቶ በልቷል፣ የተኳሿን የሥራ ጥራት ነቅፏል። የታመመው በዕድሜ አይደለም፣ በእርስዎ ቤት ነው። ግድግዳዎ ባለቤቱን መስሎ ጠልቶት ነበር!

ከሰል አይንደድ ላሉት፣ ነዷል፤ ነገም ይነዳል። መስኮት ይከፈት ላሉት፣ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ በሩንም ቆልፌዋለሁ። ገዥ ካመጡ በጨለማ ይየው።

የቀኙ ቤት ባለቤት


ነሐሴ 9 ቀን
(ከቴሌግራሙ ጋር በአንድ ቀን የተጻፈ፤ በመስከረም የደረሰ)

እታለም፣

ቴሌግራሙ ደርሶሽ አባባን እንዳወጣሽው ተስፋ አደርጋለሁ። ካላወጣሽው ይህን ደብዳቤ ጣይና አውጪው። አውጥተሽው ስትመለሺ አንብቢ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት መወጣጫ ላይ ሆኜ ነው። "እሁድ ጎረምሳ ነው፣ ሰኞ ይደክማል" የሚለው ላይ ስደርስ መሮው ከእጄ ወደቀ። አለቃዬ ከታች ሲጮህ ሰማሁት። በሥራ ልብሴ እየሮጥኩ ፖስታ ቤት ገባሁ። ሁሉንም ልነግርሽ ስጀምር ጸሐፊው "ጌታዬ፣ ቴሌግራም ነው፣ አጠር ያድርጉት" አለኝ። የሚደረገውን ብቻ ጻፍኩ። ምክንያቱን በዚህ ጻፍኩት።

አባባ አላረጀም። እየታፈነ ነው!

የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም። የእንጨቱ ጭስ ቢሆን ክፍሉ ጠቁሮ፣ ዓይኑ አልቅሶ ያስታውቅ ነበር። አንቺ ጎረቤት ይደሰት ብለሽ የሚያስታውቀውን ትተሽ የማያስታውቀውን አነደድሽ። ድሮ የጉሮሮሽ መጋጠሚያ ስለረገፈ መርዙ በየቀዳዳው ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ያ ጥድፊያ የተባለው ጉድ ውጩን በስሚንቶ ደፈነልሽና ቀዳዳው የቀረው ወደ ውስጥ ብቻ ሆነ፤ ሁለቱን ጉሮሮ በሚለየው ግድግዳ በኩል፣ ወደ እኔ ጉሮሮ። የእኔ ጉሮሮ ላዩ ተከድኗል። ወዴት ይሂድ? ቁልቁል ወርዶ በምድጃው አፍ አባባ ክፍል ይገባል። ሌሊት ደግሞ ከሰሉን አመድ አልብሰሽ ታሳድሪዋለሽ፤ ታፍኖ ሲነድ ነው የሚብስበት። መስኮቱን በጨርቅ ወትፈሽ፣ አልጋውን አስጠግተሽ! ሰው ለመግደል ቢታሰብ ከዚህ የተሻለ አይታሰብም።

ከውስጥ ወደ ውጭ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ግማሹ አይተውም ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ምን ላድርግ፣ ጆሮሽን ይዤ ልጩህበት? ቆርቆሮውን ክደኚ ያልኩሽ ከጎኑ ስሚንቶ ትለጥፊያለሽ ብዬ አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቤት ጭስ ማውጫ ጠግኑልን ብለው ጠርተውን ነበር። ስንደርስ የከፈተልን ሰው የለም። በሩን ሰበርነው። ባልና ሚስት እንደተኙ ነበሩ፤ ፊታቸው ቀይ፣ ጤነኛ የሚመስል። ከዚያ ወዲህ የተኛ ሰው ሳይ ደስ አይለኝም።

አባባ በሕይወት እንዳለ ብቻ በቴሌግራም ንገሪኝ።

ወንድምሽ


መስከረም 15 ቀን

ለወንድሜ፣

ቴሌግራሜ እንደደረሰህ አውቃለሁ። አባባ አለ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ከዚህ በታች ያለውን እስክትጨርስ ትንፋሽህ እንዳይቆም ነው፤ ለእኔ ያላደረግከውን እያደረግኩልህ ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በአምስተኛ ሳምንቱ ነው። ግን ከእሱ ቀድሞ የነገረኝ ነበር። አባባ ወፍራም ብርድ ልብሱን ሲፈልግ ቁልፉን ይዤ ክፍልህ ገባሁ። ድመቷ ምድጃው አጠገብ ተጋድማለች፤ በሩን ስቆልፍ ውስጥ መቅረቷን አላየሁም ነበር። ጠራኋት። አልተነሣችም። ጎንበስ ብዬ ስነካት ቀዝቅዛለች፤ የራሴም ጭንቅላት ዞረ። ግድግዳ ተደግፌ ወጣሁ። ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ስተነፍስ ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ መጣልኝ፦ እሁዱ፣ ሰኞው፣ አልጋው፣ ጨርቁ። ተነሥቼ ባልዲውን ሙሉ ውኃ ማፍያው እሳት ላይ ደፋሁት። ልብስ ተኳሿ "አበድሽ?" አለችኝ። ማፍያው እስከ ዛሬ አልነደደም። ሆቴሉ አንሶላውን ሌላ ዘንድ ወስዷል።

አሁን የእኔን ቁጣ ስማ። "ዛሬውኑ ይውጣ" ከምትል "ይሞታል" ብትል ምን ነበረበት? ያ ጸሐፊ አንዷን ቃል ከለከለህ? ቴሌግራምህን ለመታዘዝ አይደለም አባባን ያወጣሁት። እልህ ይዞኝ ነው፤ "እንካ ቤትህን" ብዬ ነው። እልሄን ትንሽ ዋጥ ባደርገው፣ "ባለቤት ነኝ ካለ መጥቶ ያውጣው" ብዬ ብተወው፣ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ነገር ነበር። አባባን ያተረፈው የእኔም አእምሮ የአንተም ትምህርት አይደለም። ጠባችን ነው።

ስለ ስሚንቶው ያልከውን እሺ ልበልህ። ስለ ቆርቆሮው ግን እኔን አትወቅስም። አንተ አዘዝክ፣ እኔ ከደንኩ። ግንቡ አንድ፣ ትእዛዙ ሁለት፤ እንዲህ ነው የኖርነው።

ደብዳቤህን ለአባባ ሳነብለት "የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አምጪ" አለኝ። የአንተን ከሳጥን፣ የእኔን ከምገለብጥበት ደብተር አውጥቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ሲያልቅ "ደህና ጽፋችኋል" አለ። "ስለ ጡብ በደንብ ታውቃላችሁ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ግን 'ራስህን የሚያምህ የቱ ጋ ነው?' ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም። ሐኪሙ እንኳ እጄን ይዞ ነበር።"

ከዚያ ብርድ ልብሱን አጥፎ በብብቱ ያዘና ወጣ። ባለሱቁ ጓዳ ነው አሁን የሚያድረው፣ በከረጢትና በሣጥን መካከል። ልመልሰው ሄድኩ። "ባለሱቁ ቤት ቀኝና ግራ የለም" አለኝ። ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ ነው። የባለሱቁ ሚስት ሰላም ማለቷን ትታለች።

ትናንት ጥድፊያን ይዤ ክፍልህ ገባሁና በምድጃህ በኩል ግድግዳህን አፈረስኩት። ፈቃድ አልጠየቅኩህም፣ አልጠይቅህምም። ሁለቱን ጉሮሮ የሚለየው ግድግዳ ኖራ የለውም፤ ጡቦቹ እንዲሁ ተደራርበው ነው የቆሙት። ጣቴን ከአንተ ወገን ባስገባው ወደ እኔ ወገን አለፈ። ጥድፊያ መሮውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ሥራ ሲያቆም ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ከእንግዲህ ለእኔ አትጻፍልኝ። ለእሱ ጻፍለት።

እህትህ


ጥቅምት 10 ቀን

ይድረስ ለአባባ፣ በባለሱቁ በኩል፣

ብርድ ልብስህ ይበቃሃል? ጓዳው ነፋስ ይገባዋል? ራስህንስ አሁን ያምሃል? ያምህ የነበረው የቱ ጋ ነው፣ ግንባርህ ላይ ወይስ ከኋላ? ስትነሣ ያዞርሃል? እባክህ በየተራ መልስልኝ። ይህን መጀመሪያ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር፤ ይኸው ዘግይቼ ጠየቅኩህ።

ስለ ግንቡ የጻፍኩትን ሁለት ወረቀት ቀድጄዋለሁ።

እኔም ግን የምቆጣበት አለኝ፣ ካልነገርኩህ አይወጣልኝም። እታለም "ልጅህ ውጣ ብሏል" ስትልህ አመንካት። አልተከራከርክም። መቃኑን ነክተህ ወጣህ። አንድ ጊዜ እንኳ "ልጄ ይህን አያደርግም፣ ሌላ ነገር አለ" አላልክም? ጡብ ሳቀብልህ ነው ያደግኩት። እንዴት አመንክ፣ አባባ? ይህን ጥያቄ ይዤ መወጣጫ ላይ እወጣለሁ፣ ይዤው እወርዳለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ፊትህ ምን ሆነ ይሉኛል።

ለእታለም፣ ግድግዳውን በማፍረስሽ አልተቆጣሁም በልልኝ። እሷ አትጻፍልኝ ብላኛለች።

ልጅህ


ኅዳር 8 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

የሚጽፍልኝ ባለሱቁ ነው። ስድቡን እያለሰለሰው ከሆነ አንተ መልሰህ አጠንክረው።

የሚያመኝ ከኋላ ነበር፣ ከማጅራቴ ከፍ ብሎ። አሁን ትቶኛል። ስነሣ አያዞረኝም፤ ሩዝ ከረጢት ላይ ስለተኛሁ ወገቤን ነው የሚያመኝ። ጓዳው የሳሙናና የጋዝ ሽታ አለው። የሚሸት ነገር መልካም ነው።

እንዴት አመንክ ላልከኝ፦ አመንኩ። ቤቱን ካካፈልኳችሁ ወዲህ ስለ በርና ስለ መስኮት፣ ስለ ገመድና ስለ ሳሎን እንጂ ስለ ሌላ ነገር ስትነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። እህትህ ቴሌግራሙን ስታነብልኝ "እንግዲህ ተራው የእኔ ሆነ" ነው ያልኩት። አልገረመኝም። አሁን አንተ ብትቆጣ እኔም ተቆጥቻለሁ፤ እኩል ነን። እናንተ ላይ ብቻ አይደለም። አንድ ግንብ ሠርቼ ለሁለት ሰው ያካፈልኩ ግንበኛ እኔ ነኝ፤ ማን ያስተማረኝ ሥራ ነው?

ግንቡን ማስጀመሬን ስማ። ቆርቆሮው ወርዷል። ጥድፊያ ስሚንቶውን እየፈለፈለ ነው፤ ከየጡቡ ፊት ልጣጭ ይዞ ይወጣል፣ እኔም በየልጣጩ እሰድበዋለሁ። ወንበር አስወጥቼ ከታች ተቀምጫለሁ። ቀስ ማለት እየለመደ ነው። እህትህ ኖራውን አርሳ ስታበቃ "ደርሷል ወይ?" ትለኛለች፣ "አልደረሰም" እላታለሁ፣ ትቆጣለች፣ ታማስለዋለች። ልብስ ተኳሿ አሸዋ ትነፋለች። እሷ ብቻ ናት የማትናገረኝ፤ ተመችቶኛል።

መካከለኛውን ግድግዳ ግን ጥድፊያ እንዳይነካው ብያለሁ። ትከሻው ሰፊ ነው፣ ከምድጃው አፍ ገብቶ ቀና ማለት አይችልም። እኔም ጉልበቴ አይታጠፍልኝም። የእህትህ ማፍያ ያ ግድግዳ እስኪያልቅ አይነድም፤ ሆቴሉም ማንንም ዕድሜ ልክ አይጠብቅም። እህትህ ለአንተ አትጽፍም። እኔ ግን ነግሬሃለሁ።

ክፍልህ አልመለስም። የእሷም ክፍል አልገባም። ያ ግድግዳ አልቆ፣ ከሰል ነድዶበት፣ ምድጃው ሥር ሌሊቱን ሙሉ የምትተኙት ሁለታችሁ ናችሁ። ጠዋት ራሳችሁን ካላመማችሁ ያን ጊዜ ስለ መመለስ እናወራለን።

የምትመጣ ከሆነ መሮህን ይዘህ ና። ንግግርህን እዚያው ተወው።

አባትህ